ከኸይጣን፣ ኩዌት፦ የጨረታ ሰሞን ማስታወሻ

ዓርብ፣ ጥቅምት 7 ቀን 2018 ዓ.ም.

ዛሬ በቴሌግራም ቡድናችን ላይ በራሴ ስም ጨረታ አወጣሁ። ዕቃው ስሠራበት የኖርኩት ብራዘር የስፌት መኪና ነው። መነሻ ዋጋ 12 ዲናር፣ ጭማሪው ሩብ ዲናር፣ መዝጊያው ከምሽቱ 3 ሰዓት። ፎቶውን ያዩት ብዙ ናቸው። ዋጋ የጻፈች ግን አንዲትም የለችም። የመጣልኝ ጥያቄ ሁሉ ስለ እኔ ነበር። «እህቴ፣ ማን ያውቅሻል?» «የት ነው የምትሠሪው?» «ከዚህ በፊት ከአንቺ የገዛ ሰው አለ?»

ጥያቄው አላስከፋኝም። ቡድኑ ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ ሰው ቤት የሚሠሩ እህቶች ናቸው። ዓርብ እንኳ ከግቢ የማትወጣ ብዙ ነች። ሱቅ ገብታ የምትገዛ ሴት ዕቃውን አገላብጣ ታያለች፣ ሶኬት ላይ ሰክታ ትሞክራለች፣ ካልጣማት ጥላው ትወጣለች። ሳልሚያ ወይም ጃብሪያ አንድ ቤት ውስጥ ሆና በስልክ የምትገዛዋ ግን ከእኔ ቃል ሌላ የምትይዘው ነገር የላትም። በ2016 እ.ኤ.አ. ለቤት ሠራተኛ የተወሰነው ዝቅተኛ ደመወዝ 60 ዲናር ነው። የ15 ዲናር ዕቃ ማለት እንግዲህ የወሯ ሩብ ነው። የወሯን ሩብ ለማታውቀው ሰው ከመላኳ በፊት አሥር ጥያቄ ብትጠይቅ ልክ ነች።

ሰዓቱ ደረሰ፣ የተጫረተ የለም፣ ዘጋሁት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ያደግሁት ደሴ ነው፤ አጎቴ ግን በባቲ የሰኞ ገበያ ከብት ይሸጥ ነበር። እዚያ የማይታወቅ ሰው በሬ እየነዳ ቢመጣ፣ በሬው የቱንም ያህል ቢያምር፣ ገዢው ቀድሞ «ዋስህ ማነው?» ይላል። ዋሱ የሚቆመው በሬው የስርቆት እንዳልሆነ፣ ነገ «የኔ ነው» ባይ ቢመጣ ገንዘቡ እንደሚመለስ ነው። ሻጩ አፋር ይሁን ኦሮሞ ወይም አማራ፣ ከቆላ ይምጣ ከደጋ፣ ገበያው የሚያውቀው ሰው አጠገቡ ካልቆመ በሬውን መልሶ ይነዳል።

እዚህ ኸይጣንም እቁባችን ያለ ዋስ ሰው አያስገባም። ቀድማ እጣ የወጣላት ሴት ኮንትራቷ አልቆ አገር ብትገባ፣ ቀሪውን ሳምንት በሳምንት የምትከፍለው ዋሷ ነች። ጨረታው ላይ ይህ ሥርዓት ለምን እንደተረሳ አልገባኝም። የስልክ መስኮት ሲሆን ሁላችንም እኩል የምንታወቅ መስሎን ይሆናል።

ስለዚህ ዛሬ ከሥራ ስወጣ ምሳ የምንበላበት ቤት ሄጄ የቤቱን ባለቤት፣ እትዬን፣ አነጋገርኳት። ኸይጣን ውስጥ ያለ ሐበሻ እሷን የማያውቅ ጥቂት ነው። ዋስ ሁኚኝ አልኳት። ቡናዋን እያፈላች ብዙ ዝም አለች። ከዚያ «ስሜን የምሰጥሽ መኪናውን በእጄ ሰፍቼበት ነው፤ አንቺን ስለወደድኩሽ ብዬ አልናገርም» አለችኝ። ነገ ማታ ይዤላት እሄዳለሁ። እንዲህ ያለ ዋስ ነው የሚጠቅመኝ። ሳታይ «እኔ አውቃታለሁ» የምትል ጓደኛ ቡድኑ ውስጥ ሞልታለች፣ ቃሏንም የሚሰማ የለም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

መኪናው ተሸጠ፤ 17 ዲናር።

ማስታወቂያውን እንደ አዲስ ጻፍኩት። የመጀመሪያው «በጣም ጥሩ፣ እንደ አዲስ» ይል ነበር፤ ቡድኑ ላይ የሚወጣው ዕቃ ሁሉ እንዲሁ ነው የሚለው። አሁን የጻፍኩትን እዚህ ልገልብጠው፦

«ብራዘር፣ ቀጥታና ዚግዛግ ይሰፋል። ከጥጥ እስከ ጂንስ ሞክሬዋለሁ፤ ድርብ ጂንስ ላይ ይከብደዋል፣ በእጅ መርዳት ያስፈልጋል። በግራ ጎኑ ፕላስቲኩ ተሰንጥቋል፣ ፎቶ ቁጥር 3 እዩ። የመብራቱ አምፖል ተቃጥሏል። ፔዳሉ ተቀይሯል፤ የራሱ አይደለም፣ ግን ይሠራል። ካርቶን የለውም። አገር ለምትልኩት፦ 240 ቮልትና 50 ኸርዝ ስለሆነ ኢትዮጵያ ላይ ይሠራል፤ ሶኬቱ ግን ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ነው፣ መቀየሪያ ያስፈልገዋል። ቪዲዮው ላይ የምትሰሙት ድምፅ የመኪናው ትክክለኛ ድምፅ ነው፣ ሙዚቃ አልጨመርኩበትም።»

ስለ ኸርዙ የጻፍኩት የምሠራበት ሱቅ ውስጥ የሆነ ነገር አይቼ ነው። የሳዑዲ መብራት 60 ኸርዝ ነው። ከዚያ የመጣ ሞተር ያለው ዕቃ አገር ቤት ሲሰካ የአንዳንዱ ፍጥነት ይለወጣል፣ አንዳንዱም ይሞቃል። ገዢዋ ይህን እንድታውቅ የሚጠበቅባት አይመስለኝም፤ እኔ የስፌት ሠራተኛ ነኝ፣ ማወቅ ያለብኝ እኔ ነኝ።

ፎቶዎቹን ሰገነት ላይ ወጥቼ በቀን ብርሃን አነሳኋቸው። ክፍላችን ውስጥ ያለው ነጭ መብራት ጭረት ይደብቃል። ስንጥቁ አጠገብ የ100 ፊልስ ሳንቲም አስቀመጥኩ፣ ርዝመቱ እንዲታወቅ። እትዬም በድምፅ «ሰፍቼበታለሁ፣ ያለችው ሁሉ እውነት ነው፣ አምፖሉም ተቃጥሏል» ብላ ላከች። ዋጋ መጻፍ የጀመሩት ከእሷ ድምፅ በኋላ ነው። አንዷማ «አምፖሉ መቃጠሉን የነገረች ሴት ሌላውን አትደብቅም» ብላ ጻፈችና ወዲያው 14 አለች።

ዓርብ፣ ኅዳር 5

ስለ ኢቤይ ሳነብ አመሸሁ። ይህን ታላቅ የአሜሪካ የኢንተርኔት ጨረታ ፒየር ኦሚድያር በ1995 እ.ኤ.አ. ሲጀምረው ስሙ ኦክሽን ዌብ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ሽያጮች አንዱ የተበላሸ ሌዘር መጠቆሚያ ነው፤ 14 ዶላር ከ83 ሳንቲም አወጣ። መበላሸቱ ተነግሮ ነው የተሸጠው፤ የገዛውም ሰው የተበላሸ ሌዘር ሰብሳቢ ነበር። ይህን ሳነብ የእኔ አምፖል ትዝ አለኝ።

በየካቲት 1996 እ.ኤ.አ. ገዢና ሻጭ አንዱ ስለ ሌላው አስተያየት የሚጽፍበት ገጽ ተከፈተ። ከዓመታት በኋላ ፖል ረስኒክና ባልደረቦቹ ስም ምን ያህል ዋጋ እንዳለው በሙከራ ለኩት። የድሮ ፖስት ካርድ የሚሸጥ፣ ብዙ መልካም አስተያየት ያለው አንድ ነባር ሻጭ፣ ተመሳሳይ ካርዶችን ግማሹን በታወቀ ስሙ፣ ግማሹን በአዳዲስ ስሞች አወጣ። ዕቃው ያው፣ ሰውየውም ያው። በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ውጤት ገዢዎች ለታወቀው ስም 8.1 በመቶ ያህል አብልጠው ለመክፈል ፈቃደኛ ሆነው ተገኙ።

ይህን ወደ ራሴ አምጥቼ አሰላሁት። የ17 ዲናር 8.1 በመቶ ወደ አንድ ዲናር ከ400 ፊልስ ይመጣል። ዕቃ አድራሹ መንዱብ ከኸይጣን ሳልሚያ ዕቃ ሲያደርስ የሚጠይቀውም ከዚያ ብዙ አይርቅም። እንግዲያው ስም እስካወጣ ድረስ የመንዱቡን ሒሳብ እኔ እከፍላለሁ። አዲስ ሻጭ የሆነ ቦታ መክፈሏ ካልቀረ፣ ገዢዋን በሚያሳርፍ ነገር ላይ ብትከፍለው ይሻላል።

ሌላው ያስገረመኝ የ2008 እ.ኤ.አ. ለውጥ ነው። እስከዚያ ሻጩም ስለ ገዢው ክፉ መጻፍ ይችል ነበር፤ ገዢዎች ብድር መላሽን ፈርተው እውነቱን ሳይናገሩ እየቀሩ ሲያስቸግር ኢቤይ የሻጮችን ክፉ አስተያየት ከለከለ። የእኛ ቡድን ላይም ይኸው ፍርሃት አለ፣ እንዲያውም የባሰ። ሻጯ የገዢዋን ቤት ታውቃለች፣ ሎኬሽኑ ተልኮላታል። ማዳሟ ስልክ መያዟን ወይም ዕቃ ማዘዟን የማትወድ ከሆነች ደግሞ ገዢዋ አፏን ይዛ ነው የምትቀረው። ስለዚህ የቡድኑን ኃላፊ ለመንኳት፦ ከእኔ የገዛች ሁሉ አስተያየቷን ለኃላፊዋ በግል ትላክ፣ እሷ ስም ሳትጠቅስ ትለጥፈው፤ መጥፎም ቢሆን። ኃላፊዋ ተስማማች። ሌሎቹንም ሻጮች ልጠይቃቸው ብላለች።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ሱቅ ሆኜ አንድ ሰው ደወለልኝ። እዚሁ ኸይጣን የሚሠራ የአገር ልጅ ነው። የሚቀጥለውን ጨረታዬን «ሊያሞቅልኝ» ፈለገ። እሱና ሁለት ጓደኞቹ በሌላ ስም ይገባሉ፣ ዋጋ ይጨምራሉ፣ እውነተኛዋ ገዢ እልህ ይዟት ስትወጣ እነሱ ያቆማሉ። ከትርፉ አምስተኛውን ይወስዳል። «ሁሉም እንዲህ ነው የሚሠራው፤ አንቺ ብቻ ነሽ የማታውቂው» አለኝ። አይሆንም አልኩት፣ ስልኩንም ዘጋሁ፣ እጄ ግን ለረጅም ጊዜ አልረጋም።

ማታ ለክፍል ጓደኛዬ ነገርኳት። እሷ የኮምቦልቻ ልጅ ነች፣ ሰላቷን አታሳልፍም። ለመግዛት ሳያስቡ ዋጋ ማስጨመር በነቢዩ ሐዲስ ተለይቶ የተከለከለ ነገር መሆኑን ነገረችኝ። ሌላም ጨመረች፦ ነቢዩ በገበያ ሲያልፉ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ቢያስገቡ ከሥር እርጥብ ሆኖ አገኙት፤ ሻጩ ዝናብ ነው ያገኘው ቢል፣ ሰዎች እንዲያዩት እርጥቡን ለምን ከላይ አላደረግኸውም ብለው ገሠጹት። ይህን ታሪክ ልጅ ሆና ቁርኣን ቤት ነው የሰማችው። እኔ የማርያም ልጅ ብሆንም፣ ከዛሬ ጀምሮ በምጽፈው ማስታወቂያ ሁሉ ላይ እንከኑን የመጀመሪያው መስመር ላይ አደርገዋለሁ። እስካሁን ከመሐል ነበር የምጽፈው።

በተረፈ አንድ ደንብ አወጣሁ፤ በእኔ ጨረታ የምትጫረት ሁሉ በራሷ ድምፅ ዋጋዋን ትናገራለች። የተጻፈ ቁጥር አልቀበልም። ሦስት ስም ያወጣ ሰው ሦስት ድምፅ ማውጣት አይቀለውም።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል ነው። ስለ መዝጊያ ሰዓት።

ከምሽቱ 3 ሰዓት የምንዘጋው ኸይጣን፣ ፈርዋኒያና ጅሊብ ለምንኖረው ለእኛ ስለሚመቸን ነው። ሰው ቤት ያለችው ግን በዚያ ሰዓት እራት እያቀረበች ወይም ልጆች እያስተኛች ነው። ስልኳን የምታገኘው ከሌሊቱ 5 ወይም 6 ሰዓት ላይ ነው፤ ስትከፍተው ጨረታው ተዘግቶ፣ ዕቃው ተወስዶ ይጠብቃታል። አንዷ ይህንኑ ስታማርር ሰማኋት፦ «ሁልጊዜ የተሸጠ ነገር ፎቶ ነው የማየው።» ይህ ለሻጭም ኪሳራ ነው፤ ከሁሉ በላይ ዕቃውን የምትፈልገው እሷ ነች።

አሁን ሐሙስ ማታ ከፍቼ ዓርብ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ እዘጋለሁ። በመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች አዲስ ዋጋ ከመጣ ሌላ አሥር ደቂቃ ይጨመራል። ኢቤይ ሰዓቱ ሲደርስ ስለሚዘጋ በመጨረሻው ሰከንድ ተኩሶ የሚወስድ ተጫራች ይበዛበታል። አማዞን በ1999 እ.ኤ.አ. በጀመረው ጨረታ ግን ከመጨረሻው ዋጋ በኋላ አሥር ደቂቃ ካላለፈ አይዘጋም ነበር። ሌሊት ዓይኗን በግድ ከፍታ የምትጫረት እህት በፈጣን ጣት መሸነፍ የለባትም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

አልራይ ጁምዓ ገበያ ሄድኩ። ስሙ የዓርብ ነው እንጂ ቅዳሜም ይሸጣል። ምንጣፍ፣ ያገለገለ ሶፋ፣ ልብስ፣ ሰሐን፣ የቡና ጀበና ሳይቀር አለ። ለራሴ ብርድ ልብስ ገዛሁና ተመለስኩ። ለጨረታ የሚሆን ግን አልገዛሁም፣ አልገዛምም። እዚህ ሸቀጥ ገዝቶ መነገድ ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ የእኔ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማዬ፣ የስፌት ሠራተኛ ነው የሚለው። የማወጣው የራሴን ያገለገለ ዕቃና የክፍላችን ልጆች አገር ሲገቡ ትተውት የሚሄዱትን ነው።

የማልሸጠውንም ወስኛለሁ። ወርቅ አልነካም፤ 21 ካራት ነው ብዬ በፎቶ ምን አረጋግጣለሁ? የፊት ክሬምና መድኃኒት ፈጽሞ። ስልክ ካርቶኑና ደረሰኙ (ፋቱራው) ከሌለ፣ ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር *#06# ሲነካ ከሚወጣው ጋር ካልገጠመ፣ ወይም የድሮው ባለቤት አካውንቱን ካላወጣ አልቀበልም። ባለፈው ሳምንት አንዷ ልጅ «ወንድሜ ያገኘው ነው» ብላ ውድ ስልክ አመጣችልኝ። መለስኩላት። ተቀየመችኝ፤ ቅያሜዋ ይሻለኛል።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 2

በጨረታ የሸጥኩት የምግብ መፍጫ ገዢዋ ጋ ተሰብሮ ደረሰ። ከእኔ ሲወጣ ደህና ነበር፣ ሳሽገው ቪዲዮ አንስቻለሁ። መንገድ ላይ ነው የተሰበረው። መንዱቡም «እንደሰጣችሁኝ ነው ያደረስኩት» አለ።

ቪዲዮውን ለቡድኑ ልኬ «የእኔ ጥፋት አይደለም» ማለት እችል ነበር፤ እውነትም ነው። ገዢዋ ግን ጥፋተኛ ፍለጋ አይደለም ገንዘብ የላከችው፣ መፍጫ እንዲደርሳት ነው። 9 ዲናሯን ዛሬውኑ በዋምድ፣ በስልክ ገንዘብ መላኪያው፣ መለስኩላት፣ ባንኩ መግባቱን እስኪነግራት መስመር ላይ ቆየሁ። የኩዌት የሸማቾች ጥበቃ ሕግ፣ የ2014 እ.ኤ.አ. ቁጥር 39፣ ከሱቅ የገዛ ሰው በ14 ቀን ውስጥ ዕቃውን መመለስ እንዲችል መብት ይሰጠዋል። ከግለሰብ ያገለገለ ዕቃ የገዛች እህት ግን የት ትሄዳለች? ለእሷ ያለው ሕግ የእኔ ቃል ነው፤ ስለዚህ ቃሉን በጽሑፍ አደረግሁት፦ ዕቃው ከደረሰ በሦስት ቀን ውስጥ ካልኩት የተለየ ሆኖ ከተገኘ ሙሉ ገንዘብ፣ የመመለሻው ሒሳብም በእኔ።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር ነበር። አንድ ተጫራች ገንዘብ ላክሁ ብሎ የባንክ ወረቀት ፎቶ አሳየኝ። ፎቶ ገንዘብ አይደለም። የራሴ ባንክ መልእክት እስኪመጣ ዕቃ አይወጣም አልኩት፤ እስካሁን አልመጣም። ባንክ የሌላቸው እህቶች ገንዘቡን እትዬ ዘንድ በአማና ያስቀምጣሉ፣ ዕቃው ደርሶ «ደህና ነው» ሲሉ እሷ ትሰጠኛለች። ለእኔ ጥቂት ቀን ይዘገያል። መዘግየቱን ወድጄዋለሁ፤ ገንዘቡ እጄ ሳይገባ ዕቃው ይፈተናል።

አድራሻን በተመለከተ፦ ከመላኬ በፊት «ዕቃው ቤት ቢመጣ ያስቸግርሻል?» ብዬ እጠይቃለሁ። የሚያስቸግራት ከሆነ እትዬ ቤት ወይም ካርጎ ቤት ይቀመጥላታል። ዕቃው ሲደርስ የላከችልኝን ሎኬሽን አጠፋለሁ፣ ማጥፋቴንም እነግራታለሁ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 19

የቁልቢ ገብርኤል ዕለት። እናቴ ስልክ ደውላ ቁልቢ የሄዱትን የሰፈር ሰዎች ቆጠረችልኝ። ለስለት የገባው ጥላ፣ ጧፍና ወርቅ ሲሸጥ ያዩትን እያወራችልኝ ሳለ፣ እኛም ሰፈር በንግሥ ቀን የስለት ዕቃ ጨረታ ላይ ሲወጣ ያለው ነገር ትዝ አለኝ። አጫራቹ ጥላውን ከፍ አድርጎ ዘርግቶ ያሳያል፣ ሕዝቡ ዙሪያውን ቆሞ ያያል፣ ዋጋ የሰጠው ሰው በስሙ ይጠራል። የተደበቀ ተጫራች የለም። ያን ጊዜ በዓይኔ ያየሁትን ነው እዚህ በስልክ ለመሥራት የምታገለው።

ማታ ጅሊብ የምትኖር አንዲት ልጅ ጻፈችልኝ። ጨረታ ማውጣት ትፈልጋለች፤ ዕቃዋ አንድ ማቀዝቀዣና ሁለት ብርድ ልብስ ነው። «እህቴ፣ ቡድኑ ላይ ዋስ ሁኚኝ፣ አንቺን ያምኑሻል» አለች። እኔ ጋ የመጣው ጥያቄ እትዬ ጋ የወሰድኩት ያው ጥያቄ ነው። መልሱንም ከእሷ ነው የተማርኩት፦ ሳላይ አልናገርልሽም። ማቀዝቀዣው ሌሊቱን ሙሉ ተሰክቶ ይደር፣ ጠዋት መጥቼ በረዶ መሥራቱን፣ የበሩን ጎማ፣ የሞተሩን ድምፅ አያለሁ። ብርድ ልብሶቹን ሚዛን ላይ አስቀምጠን ኪሎውን እንጽፋለን። እንከን ካለው እንከኑን የመጀመሪያው መስመር ላይ ራስሽ ትጽፊዋለሽ፣ እኔ አልጽፍልሽም።

ትንሽ ቆይታ «የበሩ መያዣ ተነቅሏል፣ ችግር አለው?» ብላ ጻፈች።

ምንም ችግር የለውም፣ በእሱ ጀምሪ አልኳት። ዓርብ ጠዋት እሄዳለሁ።